ገዳዩን ከመጀመሪያው ማወቃችን ምን አጎደለ? «ኪለርስ ኦፍ ዘ ፍላወር ሙን»ን ለነቀፈው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን በቴሌግራምና በፌስቡክ ሲዞር የከረመ ጽሑፍ አለ። የአሜሪካዊውን የፊልም ዳይሬክተር የማርቲን ስኮርሴዚን «ኪለርስ ኦፍ ዘ ፍላወር ሙን» ከላይ እስከ ታች ያብጠለጥለዋል። ፊልሙ በ2023 ከወጣ ጀምሮ ተመልካቹን ለሁለት እንደከፈለ ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። አንዱ «ድንቅ ነው» ይላል። ሌላው «መሃል ላይ እንቅልፍ ወሰደኝ» ይላል። ጽሑፉ የሁለተኛው ወገን ጠበቃ ሆኖ ነው የመጣው። ጥሩ ጠበቃ ነው፤ አጻጻፉ ይጥማል፣ የሚያስቅ ቦታም አለው። ሰዉ «በመጨረሻ እውነቱን የሚናገር ተገኘ» እያለ ሲቀባበለው ግን ዝም ማለት ከበደኝ። ድምዳሜዎቹ አብዛኞቹ የተሳሳቱ ይመስሉኛል።

መጀመሪያ ጸሐፊው ያሉትን ሳላጣምም ላስቀምጥ። አንደኛ፣ ፊልሙ ያለ ቅጥ ረዝሟል፣ በሁለት ሰዓት ያልቅ ነበር ይላሉ። ሁለተኛ፣ የወንጀል ፊልም ሆኖ ሳለ ገዳዩን ገና ከጅምሩ ስለሚያሳየን ልብ አያንጠለጥልም። ሦስተኛ፣ ሚስቱን የሚወድ ሰው ሚስቱን አይመርዝም፤ ስለዚህ ኧርነስት የሚባለው ገጸ ባሕርይ አያሳምንም፣ ሚስቱ ሞሊም ምንም አለመጠርጠሯ ሞኝ ያስመስላታል። አራተኛ፣ የኦሴጅ ሕዝብ ታሪክ ተወስዶ የነጭ ገዳዮች ታሪክ ሆኗል። አምስተኛ፣ መጨረሻ ላይ የሚመጣው የሬዲዮ ድራማ ቀልድ ነው፣ ሦስት ሰዓት ያየነውን ሐዘን ያረክሰዋል። ስድስተኛ፣ በአሥር ዘርፍ ለኦስካር ታጭቶ አንድም አላገኘም፣ ወጪውንም በሲኒማ አልመለሰም፤ ይህ የሕዝብ ፍርድ ነው፣ የሚያደንቁት ሰዎች የሚያደንቁት ስም ነው።

ፊልሙን ላላየ ሰው ትንሽ መነሻ ያስፈልጋል። ለማየት ያሰበ ካለ ግን እዚህ ቢያቆም ይሻለዋል፤ ከታሪኩ የምደብቀው የለም። ኦሴጆች የአሜሪካ ነባር ሕዝብ ናቸው። በ1870ዎቹ ከካንሳስ ሲገፉ ዛሬ ኦክላሆማ በሚባለው ግዛት በገዛ ገንዘባቸው መሬት ገዙ። ድንጋያማ ስለነበር ነጭ ገበሬ አይመኘውም ብለው ነው የመረጡት። ከሥሩ ነዳጅ ወጣ። በ1906 በወጣ ሕግ መሬቱ ለየግለሰቡ ሲከፋፈል ከመሬት በታች ያለው ሀብት የጋራ ሆኖ ቀረ፤ መዝገብ ላይ ለሰፈሩት 2,229 ሰዎችም እኩል እኩል ድርሻ ተሰጠ። በ1923 ብቻ ከ30 ሚሊዮን ዶላር በላይ ገባላቸው።

ያ ድርሻ አይሸጥም፣ አይገዛም። ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፈው በውርስ ብቻ ነበር። እንግዲህ የውጭ ሰው ያንን ገንዘብ ከፈለገ ሁለት ነገር ያስፈልገዋል፤ ሠርግና ቀብር። የፊልሙ ወንጀል ሒሳቡ ይኸው ነው።

ሞሊ አራት እህትማማቾች ካሉበት ቤት ናት። ሚኒ በ1918 ምንነቱ ባልታወቀ በሽታ ሞተች። አና በግንቦት 1921 በጥይት ተመትታ ሸለቆ ውስጥ ተገኘች። እናታቸው ሊዚ ከሁለት ወር በኋላ ተከተለች። ሪታ በመጋቢት 1923 ሌሊት ቤቷ በፈንጂ ሲፈርስ ከነሠራተኛዋ አለቀች፣ ባሏም ከቀናት በኋላ ሞተ። የሟቾቹ ሀብት እየተጠራቀመ ወደ ሞሊ መጣ። የሞሊ ባል ኧርነስት በርክሃርት ነው። የኧርነስት አጎት ደግሞ ዊልያም ሄል፤ ራሱን የኦሴጆች ሁነኛ ወዳጅ ያደረገ ባለጸጋ ከብት አርቢ። ሞሊ የስኳር በሽታ አለባት። መርፌዋን የሚወጋት ባሏ ነው። ሞሊን ሊሊ ግላድስተን፣ ኧርነስትን ሊዮናርዶ ዲካፕሪዮ፣ ሄልን ሮበርት ዴኒሮ ይጫወቷቸዋል።

ከቀላሉ ልጀምር፣ ከኦስካሩ። አሥር እጩነት፣ ዜሮ ሽልማት፤ እውነት ነው። ስኮርሴዚ ይህ ሲደርስበት ሦስተኛው ነው። «ጋንግስ ኦፍ ኒው ዮርክ»ም «ዘ አይሪሽማን»ም አሥር አሥር ታጭተው ባዶ እጃቸውን ተመልሰዋል። ግን ኦስካርና የትኬት ሽያጭ የጥራት ሚዛን ከሆኑ ጸሐፊው «ዘ ሾውሻንክ ሪደምሽን»ን የት ሊያስቀምጡት ነው? በ1994 ሲወጣ ሲኒማ ቤት አልተሳካለትም። በሰባት ዘርፍ ታጭቶ አንድም አላገኘም። ዛሬ ግን «ከሁሉ የምትወደው ፊልም?» ሲባል ስንቱ ነው ስሙን የሚጠራው! «ኪለርስ» 200 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ወጥቶበት ከሲኒማ ያስገባው ወደ 158 ሚሊዮን መሆኑም እውነት ነው። ገንዘቡን ያወጣው ግን አፕል ነው፤ በኋላ በራሱ መድረክ ሊያሳየው ጭምር። ትኬት ብቻውን ትርፍና ኪሳራውን እንኳ አይነግረንም። ጥራቱንማ ተዉት።

«የሚያደንቁት ስም ነው» የሚለው ደግሞ ክርክር አይደለም። በዚያው ሒሳብ የሚነቅፉትን ሁሉ «ትልቅ ሰው መንቀፍ አዋቂ ያስመስላል ብለው ነው» ማለት ይቻላል። እኔ እንዲህ አልልም። ጸሐፊው ፊልሙን አይተው የተሰማቸውን እንደጻፉ አምናለሁ። ለእኛም ያንኑ ያህል ቢያስቡልን ምን ነበረበት?

ወደ ርዝመቱ ልለፍ። ፊልሙ 206 ደቂቃ ነው፣ ሦስት ሰዓት ተኩል ሊሞላ ትንሽ የቀረው። እዚህ ላይ ግማሽ መንገድ አብሬያቸው እሄዳለሁ። ሄል ኧርነስትን እየጠራ የሚያዝበት፣ ኧርነስት ደግሞ ሌላ ወሮበላ ፈልጎ ትእዛዙን የሚያስተላልፍበት ትዕይንት ይደጋገማል። አንዱን ሁለቱን ቢቆርጡት ማንም አያለቅስም። የፍርድ ቤቱ ክፍልም ከቀደመው ጋር ሲነጻጸር ፍጥነቱ የተዘበራረቀ ነው። አውሮፓ ውስጥ አንዳንድ ሲኒማ ቤቶች በራሳቸው ጊዜ መሃል ላይ እረፍት ሲያስገቡ አከፋፋዮቹ ማስከልከላቸው ደግሞ አጉል ግትርነት ነው። ሰው ሽንት ቤት ይሄዳል እኮ።

ግን ክሱ ደቂቃው ከሆነ «ታይታኒክ» ከሦስት ሰዓት በላይ ነው። «ዘ ጎድፋዘር» ሁለተኛው ክፍል ከዚህ የሚያንሰው በጥቂት ደቂቃ ነው። በዚያው በ2023 የወጣው «ኦፐንሃይመር» ሦስት ሰዓት ድፍን ነው፣ ሰዉ ተሰልፎ ነው የገባው። ስለዚህ ጉዳዩ ሰዓቱ ሳይሆን በሰዓቱ ውስጥ የሚጠበቀው ነገር ነው። ጸሐፊው የጠበቁት ሌላ ፊልም ነው፤ ያ ሌላ ፊልም ሳይመጣ ሲቀር ሰዓቱ አልሄድ አላቸው። ሁለት ሰዓት ይበቃ ነበር ሲሉም የትኛውን እንደሚያስቀሩ አልነገሩንም። የሊዚን ሞት? ሞሊ የራሷን ገንዘብ ለመጠየቅ የምትቀርብበትን? ይህ ወንጀል ትዕግሥተኛ ወንጀል ነው። ከሚኒ ሞት እስከ ሪታ ቤት ፍንዳታ አምስት ዓመት ገደማ አለ። በመሃሉ ልጆች ይወለዳሉ፣ ክርስትና ይነሳሉ፣ ዘመድ ተሰብስቦ ይበላል። ገዳዮቹ ማዕዱ ላይ ናቸው። ይህን በችኮላ ማሳየት አይቻልም።

በዩቲዩብ ፊልምን በሩብ ሰዓት በአማርኛ የሚተርኩልን ቻናሎች አሉ፣ እኔም አያቸዋለሁ። ይህን ፊልም በዚያ መንገድ የጨረሰ ሰው ማን ማንን እንደገደለ በሚገባ ያውቃል። ፊልሙን ግን ገና አላየውም።

ይህ ወደ ልብ መንጠልጠሉ ይወስደኛል። ጸሐፊው የፈለጉት ፊልም ጠረጴዛ ላይ ቀርቦ ነበር። ፊልሙ የተመሠረተበት የዴቪድ ግራን መጽሐፍ፣ በ2017 የታተመው፣ ገዳዩን እየደበቀ የሚሄድ የምርመራ ታሪክ ነው። የመጀመሪያው የፊልም ጽሑፍም ከዋሽንግተን የተላከውን መርማሪ ቶም ዋይትን ይከተል ነበር። ዲካፕሪዮ የታሰበው ለዋይት ነው። በኋላ ግን ሁሉ ነገር ተገለበጠ፤ ዲካፕሪዮ ኧርነስት ሆነ፣ ዋይት ደግሞ ሁለት ሰዓት ገደማ ካለፈ በኋላ በር የሚያንኳኳ እንግዳ ሆኖ ቀረ።

ለምን? ገዳዩን መደበቅ ማለት የአንድ ጎበዝ መርማሪ መምጣትን መጠበቅ ማለት ነው። ጀግናው የመንግሥት የምርመራ ቢሮ፣ የዛሬው ኤፍ ቢ አይ፣ ይሆናል። እንዲህ ያለው ደግሞ ተሠርቶ ያውቃል። በ1959 የወጣው፣ ጄምስ ስቱዋርት የሚተውንበት «ዘ ኤፍ ቢ አይ ስቶሪ» የኦሴጆችን ግድያ እንደ አንድ ምዕራፍ ያነሳዋል፤ የፊልሙ ጀግና ቢሮው ነው፣ ኦሴጆቹ ጀርባ ላይ የቆሙ ሰዎች ናቸው። ጸሐፊው በአራተኛው ነጥባቸው የኦሴጆች ታሪክ ተወሰደ ብለው ይቆጫሉ። በሁለተኛው ነጥባቸው የሚመኙት ግን ይበልጥ የሚወስደውን ፊልም ነው። ሁለቱ ነጥቦች አብረው አይቆሙም።

ደግሞስ በዚያች ከተማ ነገሩ ያን ያህል ምስጢር ነበር? ሐኪሞቹ ነበሩበት። ሬሳ ገናዡ፣ በኦሴጆች ገንዘብ ላይ የተሾመው ሞግዚት፣ የሕግ አስከባሪው አይተው እንዳላዩ የሚያልፉት ነገር ነበራቸው። ፊልሙ ይህን የሚነግረን ገና መጀመሪያ አካባቢ ነው። ኧርነስት ስለ ኦሴጆች የተጻፈ መጽሐፍ ይዞ ቃል በቃል ያነባል። መጽሐፉ ሥዕሉ ውስጥ ያሉትን ተኩላዎች ታገኛቸዋለህ ወይ ብሎ ይጠይቃል። የበግ ለምድ ስለለበሱ ተኩላዎች ለሰማ የእኛ አገር ተመልካች ይህ ግልጽ ነው። ስኮርሴዚ ራሱም ይህ ፊልም ማን ገደለ ብሎ ሳይሆን ማን ያልገደለ አለ ብሎ የሚጠይቅ ነው ሲል ተናግሯል። ልብ መንጠልጠል ከተባለ ደግሞ መርፌው ብልቃጥ ውስጥ በገባ ቁጥር የእኔ ልብ ተንጠልጥሏል። እኛ እናውቃለን፤ አልጋው ላይ ያለችው ሴት አታውቅም። ከዚህ በላይ ምን ይንጠልጠል?

አንድ ነገር ልስጣቸው። የፊልሙ ማስታወቂያ ተኩስና ፈንጂ እየቆራረጠ ፈጣን የወንበዴ ፊልም አስመስሎት ነበር። ያንን አይቶ የገባ ሰው ቢከፋው አልፈርድበትም።

አሁን ወደ ከባዱ፤ ወደ ፍቅሩና መርዙ። ጸሐፊው የሚወድ ሰው አይመርዝም ሲሉ እንደ ሒሳብ ሕግ ነው ያስቀመጡት። በምክንያት ልመልስ፣ ግን በፊት አንድ እውነታ አለ። ስኮርሴዚ ፊልሙን ከመቅረጹ በፊት ኦሴጆች መንደር ሄዶ ሰዎቹን ሰብስቦ አነጋግሯል። እዚያ የሞሊና የኧርነስት የልጅ ልጅ ተነስታ ሁለቱ ይዋደዱ እንደነበር እንዳይረሳ ነግራዋለች። ይህን ያለችው የሆሊውድ ጸሐፊ አይደለችም። የመራዡም የተመራዧም ደም ያላት ሰው ናት። የፊልሙ ጽሑፍ ወደ ባልና ሚስቱ የዞረበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ስለዚህ «አያሳምንም» የተባለው ነገር የደራሲ ፈጠራ ሳይሆን ቤተሰቡ ራሱ ተሸክሞት የኖረው እንቆቅልሽ ነው።

ምክንያቱም ግልጽ ይመስለኛል። ጸሐፊው ፍቅርን እንደ ቁልፍ ያዩታል፤ ካለ በሩ ተዘግቷል፣ ክፋት አይገባም። ፍቅር እንዲህ ቢሆን ኖሮ ችሎት የሚቀርበው የቤት ውስጥ ወንጀል በግማሽ ይቀንስ ነበር። ኧርነስት የሚወዳት እስከ አንድ መጠን ነው። ራሱም ይናገረዋል፤ ገንዘብ እንደሚወድ፣ ሚስቱን የሚወዳትን ያህል ሊሆን ትንሽ እንደቀረው። የሚሳቅበት መስመር ነው፣ ግን ሰውየው ሙሉ በሙሉ ያለው እዚያ ውስጥ ነው።

ፊልሙ ደግሞ መርዙን እንዴት እንደሚያስገቡት በጥንቃቄ ነው የሚያሳየው። ለኧርነስት «ግደላት» የሚለው የለም። መድኃኒቱ ላይ ይህችን ጨምርበት፣ ትንሽ ረጋ እንድትል ነው ይሉታል። እሱም አይጠይቅም። ለመጠየቅ አእምሮው አይሰንፍም፤ መልሱን ስለማይፈልገው ነው። አንድ ቀን ያንኑ ነገር ውስኪው ላይ ጨምሮ ራሱ ይጠጣዋል። ያንን ትዕይንት ጸሐፊው በጽሑፋቸው አላነሱትም። ለእኔ ኧርነስትን የሚፈታው እሱ ነው፤ ምን እንደሚያደርግ የሚያውቅ ግን ማወቁን የማይቀበል ሰው፣ ቅጣቱን በኩባያ ቀድቶ የሚጠጣ ሰው። ከዚያ በኋላ ግን ማግስቱን መውጋቱን ይቀጥላል። መጨረሻ ላይ ሞሊ ፊት ለፊት ተቀምጣ መርፌው ውስጥ ምን ነበር ብላ ስትጠይቀው «ኢንሱሊን» ይላታል። ሌላውን ወንጀል ሁሉ በችሎት አምኗል፤ ይህችን ብቻ አልቻለም። ተነስታ ትሄዳለች። በእውነተኛው ታሪክም ፈታዋለች፣ ሌላ ባል አግብታለች።

ሞሊ ሞኝ ናት የሚለው ግን አስቆጥቶኛል ብል ማጋነን አይሆንም። ገና ሲተዋወቁ በቋንቋዋ ገንዘብ ፈላጊ ቀበሮ ትለዋለች። እሱም ስቆ ገንዘቡ ደስ እንደሚለው ያምናል። ከእህቶቿ ጋር ተቀምጠው ስለ ፈረንጅ ባሎቻቸው ሲያወሩም ማን ምን እንደሚፈልግ አሳምረው ያውቃሉ። ያላወቀችው ስግብግብነቱን አይደለም። ስግብግብነቱ እስከ የት እንደሚደርስ ነው። ደግሞ ማንን ትጠርጥር? ሐኪሞቹን ጠርጥራለች። ከተማዋን ጠርጥራለች። የግል መርማሪ ተቀጥሯል፤ ታማም ዋሽንግተን ድረስ ስትሄድ ፊልሙ ያሳየናል። የቀራት አንድ ሰው ነው፤ የልጆቿ አባት፣ ሌሊት ውኃ የሚያቀርብላት። እሱንም ከጠረጠረች ምን ይቀራታል?

ከዚያ በላይ ጸሐፊው የረሱት ሕግ አለ። ያኔ ሙሉ ደም ያለው ኦሴጅ በገዛ ገንዘቡ አያዝም ነበር። መንግሥት ነጭ ሞግዚት ይሾምለታል፤ በ1921 በወጣው ሕግ ደግሞ በዓመት የሚያወጣው በጥቂት ሺህ ዶላር ተገደበ። ሞሊ ሞግዚቷ ፊት ቀርባ ስሟን ስትናገር «ችሎታ የሌላት» ብላ ነው የምትጨምረው። በረጋ ድምፅ፣ እንደ አባት ስም። ያቺ ሴት በዓለም ላይ በነፍስ ወከፍ ከሁሉ ሀብታም ይባል ከነበረው ሕዝብ ናት፤ ለእህቷ ቀብርም ለሕክምናዋም ስትፈልግ ግን ማስፈቀድ አለባት። ሐኪም መለወጥም ሆነ አገር ለቆ መሄድ ገንዘብ ይጠይቃል፤ ገንዘቡ ደግሞ በሌላ ሰው ፊርማ ነው የሚያልፈው። ይህን ሁሉ ትቶ «ለምን አልነቃችም?» ማለት ለገዳዮቹ የማይገባ እፎይታ መስጠት ነው።

እዚህ አንድ ነገር በደስታ እቀበላለሁ። የተዋናዮቹ ዕድሜ አይሄድም ብለዋል። ትክክል ናቸው። እውነተኛው ኧርነስት ሞሊን ሲያገባ ሃያዎቹ ውስጥ ነበር፤ ዲካፕሪዮ ሲቀረጽ ከአርባ አምስት አልፏል። ሄልም አርባዎቹ ውስጥ ያለ ሰው ነበር፤ ዴኒሮ ወደ ሰማንያ የተጠጋ ሽማግሌ ነው። አጎቱ የሚያሽከረክረው ለጋ ወጣት አንድ ነገር ነው፣ የሚያሽከረክሩት ጎልማሳ ሌላ ነው። ኧርነስት ይበልጥ ደደብ የመሰለውም በከፊል ለዚህ ይሆናል። ዲካፕሪዮ አገጩን ወደ ታች ጎትቶ የሚያሳየን ያ ፊትም ቢቀነስ አልጠላም ነበር።

«የማን ታሪክ ነው?» የሚለው ጥያቄ ከጽሑፉ ሁሉ ጠንካራው ነው። እኛም ስለ አገራችን በውጭ ሰው ካሜራ የተሠራ ነገር ስናይ ሆዳችንን የሚቆርጠን ነገር ስላለ ነጥቡ በቀላሉ ይገባናል። ጸሐፊው ድጋፍ እንዲሆናቸው የጠቀሱትም ተራ ሰው አይደለም። የፊልሙ የኦሴጅ ቋንቋ አማካሪ የነበረው ክሪስቶፈር ኮት ፊልሙ በተመረቀበት ዕለት ስሜቱ የተደበላለቀ እንደነበር ተናግሯል። ታሪኩ በሞሊ ዓይን ቢታይ ይወድ እንደነበር፣ ፊልሙም ለኦሴጅ ተመልካች ሳይሆን ኦሴጅ ላልሆነው ሁሉ የተሠራ እንደሚመስለው አልደበቀም። እኔም እውነት አለው እላለሁ። በሁለተኛው አጋማሽ ሞሊ አልጋ ላይ ስትወድቅ ፊልሙም ድምፅዋን ያጣዋል። ግላድስተን በዝምታ ብዙ ትናገራለች፣ ግን ዝምታዋ እኛ ከምንፈልገው በላይ ረዝሟል።

ኮት ያለው ግን ሌላም አለ፤ በሞሊ ዓይን ለመሥራት ኦሴጅ የሆነ ሰው ያስፈልግ ነበር ብሏል። ይህ ስኮርሴዚ የሚችለውንና የማይችለውን የለየ አስተያየት ነው። ጸሐፊው የወሰዱት የመጀመሪያውን ግማሽ ብቻ ነው፤ ከዚያ ተነስተው ታሪኩ ተሰርቋል ይላሉ። የኦሴጆች ዋና አለቃ ጄፍሪ ስታንዲንግ ቤር ደግሞ በካን የፊልም ፌስቲቫል ላይ ስለ ሕዝባቸው ስቃይ ተናግረው፣ ስኮርሴዚና ባልደረቦቹ እምነት መልሰው እንዳቆሙ መስክረዋል። አንዱ ሌላውን አያፈርሰውም። ኦሴጆችም እንደማንኛውም ሕዝብ አንድ አፍ የላቸውም። ጸሐፊው ግን አንዱን ጠቅሰው ሌላውን ዘለሉት።

ፊልሙንም እንየው። የሚጀምረው በገዳዮች አይደለም። ሽማግሌዎች ልጆቻቸው የሌላ ሰው ቋንቋና ልማድ ሊማሩ መሆኑን እያለቀሱ የተቀደሰ ጋያቸውን እንደ ሰው ሲቀብሩ ነው። ጥቂት ቆይቶ የሟቾችን ስምና ዕድሜ የምትዘረዝረው ሞሊ ናት፤ ከእያንዳንዱ ስም በኋላ ምርመራ አልተደረገም እያለች። ሊዚ ስትሞት የምናየው እሷ የምታየውን ነው፤ የቀደሙ ዘመዶቿ መጥተው ይዘዋት ሲሄዱ። እነዚህን የወንጀለኞች ዓይን አላያቸውም።

ከዚያ ግን ፊልሙ ሆን ብሎ ከኧርነስት ጎን ያስቀምጠናል። ስለ ግፍ የሚሠሩ ብዙ ፊልሞች ከተበዳዩ ጎን ነው የሚያስቀምጡን። እናለቅሳለን፣ በዳዩን እንረግማለን፣ ንጹሕ ሆነን ወደ ቤታችን እንገባለን። እዚህ ንጽሕናው የለም። ከኧርነስት ጋር መኪና እንነዳለን፣ ከኧርነስት ጋር እንዋሻለን። ሄልን ራሱን ተመልከቱ፤ ቋንቋቸውን ይናገራል፣ በሐዘናቸው ይገኛል፣ ልጆቻቸውን ይስማል። ጥርስ ባዳ ነው የሚባለው ለእንዲህ ያለው ሰው ነው። ያው ሰው ወዳጄ በሚለው በሄንሪ ሮአን ላይ የ25,000 ዶላር የሕይወት ኢንሹራንስ ነበረው፤ በመጨረሻ የተፈረደበትም በሮአን ግድያ ነው። ይህ ክፋት ከውስጥ ካልታየ ሄል ተራ ጭራቅ ሆኖ ይቀር ነበር። ጭራቅ ደግሞ ከእኛ ጋር ዝምድና ስለሌለው አያስፈራም። ሞሊን ማዕከል ያደረገ ፊልም በኦሴጅ እጅ ቢሠራ መጀመሪያ ከሚሰለፉት አንዱ እሆናለሁ። ይህኛውን ግን ያኛውን ባለመሆኑ ብቻ መክሰስ ፍትሕ አይመስለኝም።

የቀረው የሬዲዮው ድራማ ነው። ጸሐፊው ቀልድ ያሉት። ታሪኩ አልቆ ድንገት መድረክ ላይ እንገኛለን፤ ነጭ ተዋንያን የነባሮቹን የአሜሪካ ሕዝቦች አነጋገር እያስመሰሉ፣ በቆርቆሮና በእንጨት ድምፅ እየፈጠሩ የኦሴጆችን ግድያ ለሬዲዮ ይተውናሉ። በመሃል የሲጋራ ማስታወቂያ አለ። ይህ የስኮርሴዚ ፈጠራ ብቻ አይደለም። የዛሬው ኤፍ ቢ አይ፣ ያኔ ስሙ ሌላ ነበር፣ በ1930ዎቹ መጀመሪያ በአንድ የሲጋራ ኩባንያ ከሚደገፍ የሬዲዮ ፕሮግራም ጋር ሆኖ ያስተረካቸው ነበር ምርመራዎቹን። ከመጀመሪያዎቹ አንዱ የኦሴጆች ግድያ ነው። ሞሊ ያኔ በሕይወት ነበረች። የእህቶቿ ሞት በየሳሎኑ የሲጋራ ማሻሻጫ ሆኖ ሲሰማ ማለት ነው። እንግዲህ ማን ነው ያረከሰው?

ከዚያ ስኮርሴዚ ራሱ ማይክሮፎኑ ፊት ይቆምና የሞሊን ዜና ዕረፍት ያነባል። በሃምሳ ዓመቷ በስኳር በሽታ ማረፏን፣ ከወላጆቿ፣ ከእህቶቿና ከልጇ ጎን መቀበሯን። ስለ ግድያዎቹ አንድ ቃል እንዳልነበረበትም ይጨምራል። የፊልሙ ዳይሬክተር ሆኖ ሳለ ታሪኩን እንደ መዝናኛ ከሸጡት ሰዎች መድረክ ላይ ነው የቆመው። ራሱንም ከእነሱ ጋር ደምሮ ማለት ነው፤ ትኬት ቆርጠን የገባነውንም ጨምሮ። ጸሐፊው በአራተኛው ነጥባቸው ስኮርሴዚን የሚከሱበት ነገር ይኸው አይደል? ሰውየው ክሱን ከእሳቸው ቀድሞ በራሱ ላይ አንብቦታል።

እንደተለመደው ቢጨርሰው ኖሮ ጥቁር ስክሪን ላይ ነጭ ጽሑፍ ይመጣ ነበር። ሄል ዕድሜ ልክ ተፈርዶበት በ1947 በአመክሮ ተፈታ። ኧርነስትም በ1937 ተፈታ፣ ሞሊ በሞተችበት ዓመት። በ1925 ሕጉ ተሻሽሎ ኦሴጅ ያልሆነ ሰው ቢያንስ ግማሽ የኦሴጅ ደም ካለው ሰው ድርሻ እንዳይወርስ ተደረገ። እኛም ጃኬታችንን እየደረብን አንብበነው እንወጣ ነበር። ጸሐፊው የሬዲዮውን ትዕይንት ቆርጠው ቢጥሉት በምን እንደሚተኩት በሚቀጥለው ጽሑፋቸው ቢነግሩን ደስ ይለኛል። ከጥቁሩ ስክሪን የተሻለ ካገኙ ለዚህች ነጥብ እጄን እሰጣለሁ።